የመጀመሪያው ወር ዕቃና ነጥብ፦ ዘንድሮ ግቢ ለምትገቡ

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ላይ አዲስ ተማሪ ከሩቅ ይታወቃል። አንዱ ከሸዋ ሮቢት ቆላ በቲሸርት መጥቶ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ይንቀጠቀጣል፤ ሌላው ከመንዝ ሁለት ባና (ከበግ ፀጉር የተሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ) ተሸክሞ ደርሶ የ8ኛ ክፍል ሰርተፍኬቱን ቤት ረስቶታል። ሁለቱም ጎበዝ ተማሪዎች ሊሆኑ ይችላሉ። የመጀመሪያዋ ሳምንት ግን ለሁለቱም ከክፍል ውጭ ታልቃለች፤ ለአንዱ ብርድ ልብስ ፍለጋ ገበያ ለገበያ፣ ለሌላው ሬጅስትራር (የተማሪ ምዝገባ ቢሮ) በር ላይ።

ይህን የምንጽፈው ደብረ ብርሃን ለተመደባችሁም፣ ከሰሜን ሸዋ ተነስታችሁ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ለምትሄዱም ነው። የፍሬሽ (የአንደኛ ዓመት) ነጥብ የሚያልቀው ሰው ገና ሳይደነግጥ ነው። ሚድ (የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና) ሳይደርስ፣ በመጀመሪያዎቹ አራትና አምስት ሳምንታት፣ በብርድ፣ በወረቀት፣ በገንዘብ እጥረትና «ይቺ ምን አላት» ተብላ በምትናቅ ባለ አምስት ነጥብ ኩዊዝ (አጭር ፈተና) ያልቃል። ዓመቱ ሲያልቅ ዲፓርትመንት ሲደለደል ደግሞ ይኸው ነጥብ ይቆጠራል። ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ የሚሠራው ሥራ ቀላል አይደለም።

ከወረቀቱ እንጀምር። ዩኒቨርሲቲዎች የመግቢያ ጥሪ ሲያወጡ የሚጠይቁት ዝርዝር ከዓመት ዓመት ብዙም አይለያይም፦ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትራንስክሪፕት፣ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሰርተፍኬት፣ የእነዚህ ሁሉ ዋናውና ኮፒው፣ 3 በ 4 ጉርድ ፎቶ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ። አሁን አሁን የፋይዳ ቁጥርም ይጠየቃል። ፎቶውን 8 አስነሱት፤ ግማሹ ለምዝገባ ቢሄድ ቀሪው ለመታወቂያ፣ ለካፌ ካርድና ድንገት ለሚመጣ ፎርም ይሆናል። ኮፒውን ሦስት ሦስት አድርጉ። በመግቢያ ሳምንት ግቢ በር ላይ ያሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ሰልፋቸው ረጅም ነው፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ ጭራሽ አይሠሩም። ሁሉንም ወረቀት በስልክ ፎቶ አንስታችሁ በኢሜይልም በቴሌግራምም ለራሳችሁ ላኩት፣ ምክንያቱም ስልክም ይጠፋል።

በወረቀት በኩል ትልቁ ጣጣ የስም አለመመሳሰል ነው። በእኛ አካባቢ ስም ረጅም ነው፦ ወልደ ሚካኤል፣ ኃይለ ማርያም፣ ገብረ ጻድቅ። አንዱ ወረቀት ላይ በአንድ ቃል፣ ሌላው ላይ በሁለት ቃል፣ ሦስተኛው ላይ በእዝባር ያጠረ ሆኖ ይገኛል። የእንግሊዝኛው ፊደል አጻጻፍ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ትራንስክሪፕቱ፣ የፈተና ውጤቱና ፋይዳው ላይ ያለው ስም ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን ቤት ቁጭ ብላችሁ አመሳክሩ። ልዩነት ካለ ትምህርት ቤታችሁ ትራንስክሪፕቱን እንዲያስተካክል ወይም ማረጋገጫ ደብዳቤ እንዲጽፍ አሁኑኑ ጠይቁ። አለዚያ ለአንድ ፊደል ብላችሁ ከሴሚስተሩ መሃል ተነስታችሁ መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ድረስ መመላለስ ይመጣል፤ ያኔ የምታጡት የትራንስፖርቱን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ኩዊዙንም ነው።

ምደባ የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ የሚታየውም ሚኒስቴሩ በሚያሳውቀው መንገድ ነው። ምደባው በወጣ ሰሞን «ዩኒቨርሲቲ እናስቀይራለን» የሚሉ የቴሌግራም ቻናሎች እንደ አሸን ይፈላሉ። የሚጠይቁት ብር ትንሽ ስለሆነ ሰው ይሞክራል። የመለያ ቁጥራችሁን ከሰጣችኋቸው ደግሞ በስማችሁ የሚደረገውን አታውቁም።

አሁን ወደ ብርዱ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ከባሕር ጠለል ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ብርድ ልብስ ፋብሪካ እዚህ መተከሉ ያለ ነገር አይደለም እያለ ሰው ይቀልዳል። ክረምቱ ብርድ ነው ቢባልም አሳሳቹ ከጥቅምት በኋላ ያለው ጊዜ ነው፤ ቀን ፀሐይዋ ትከርራለች፣ ማታ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ መሬቱ ሙቀቱን የሚይዝለት ደመና ስለሌለ ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል።

ዩኒቨርሲቲው አልጋና ፍራሽ ይሰጣል፤ የሚለበሰውን ይዛችሁ የምትመጡት እናንተ ናችሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለትና ሦስት ብርድ ልብስ ከላይ ደራርቦ ከታች ምንም ሳያነጥፍ ነው። የዶርም ፍራሽ ስፖንጅ ነው፣ ሰው ሲተኛበት ይሟሽሻል፣ ከሥሩ ያለው ብረት ብርዱን ቀጥታ ወደ ወገብ ያስተላልፋል። መላው ቀላል ነው፦ ከሱቅ ትልልቅ ካርቶን ለምናችሁ አምጡና ከፍራሹ ሥር አንጥፉ፤ ፍራሹ ላይ አንዱን ብርድ ልብስ እጥፍ አድርጋችሁ ከአንሶላው በታች አድርጉት፤ ሌላውን ልበሱ፤ ከላዩ ጋቢ ጣል አድርጉበት። ሁለት ብርድ ልብስና አንድ ጋቢ በዚህ አኳኋን ከአራት ብርድ ልብስ ይበልጣል። የመንዝ ባና ያለው ሰው ከሁሉም የተሻለ ይተኛል፤ የበግ ፀጉር ስለሆነ እርጥበት እንኳ ቢነካው ይሞቃል። ነገር ግን ባና ግቢ ውስጥ አይታጠብም፤ ውኃ ከጠጣ ሁለት ሰው አንሥቶ አይጨምቀውም፣ ለመድረቅም ቀናት ይፈጃል። በየሁለት ሳምንቱ ፀሐይ ላይ አስጥታችሁ በዱላ አራግፉት፣ ይበቃዋል።

ለሰውነት ደግሞ አንድ ወፍራም ጃኬት፣ ሁለት ሹራብ፣ ከሱሪ ሥር የሚለበስ ታይት፣ አራት ጥንድ ካልሲ፣ ለጆሮ የሚሆን ኮፍያ ወይም ሻርፕ። ለከንፈርና ለእጅ ቫዝሊን አትርሱ፤ ከቆላ የመጣ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ከንፈሩ ይሰነጠቃል። አስም ወይም ሳይነስ ያለባችሁ መድኃኒታችሁንና የሐኪም ወረቀታችሁን ይዛችሁ ኑ፤ የተማሪ ክሊኒክ ያያችኋል፣ ነገር ግን የምትፈልጉት መድኃኒት የዚያን ሌሊት ክሊኒኩ ውስጥ ላይኖር ይችላል።

ወደ ሰመራ፣ ወደ ጋምቤላ ወይም ወደ ድሬዳዋ የተመደባችሁ ይህን ሁሉ ገልብጡት። እዚያ ባና መሸከም ትርፉ ላብ ነው። ሁለት አንሶላ፣ አንድ ስስ ብርድ ልብስ፣ ክፍት ጫማና አጎበር ያስፈልጋችኋል። አጎበሩን እንደ ተጨማሪ ዕቃ አትዩት፤ ደጋ ላይ ያደገ ሰው ወባን የለመደ ሰውነት የለውም፣ ሲይዘው ጠንክሮ ይይዘዋል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ሲላችሁ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ክሊኒክ ሄዳችሁ ደም አስመርመሩ።

ስንቅ ላይ ሰፋ አድርገን እንናገር፣ ምክንያቱም እናቶቻችን በዚህ በኩል ምክር አይሰሙም። ለመጀመሪያው ወር ከሁሉ የሚሻለው በሶ ነው። የካፌ ቁርስ ሰልፍ ሲረዝምባችሁና 2 ሰዓት ክፍል ሲኖራችሁ፣ ወይም ከላይብረሪ 4 ሰዓት ተኩል ማታ ስትመለሱ ካፌ ተዘግቶ ሲጠብቃችሁ፣ አንድ ብርጭቆ በሶ ያድናል። በአንድ ጊዜ 100 ግራም ገደማ ይሄዳል፤ ስለዚህ 3 ኪሎ በቀን አንዴ ለሚጠጣ ሰው ወር ያደርሳል። ይህ እንግዲህ በወረቀት ነው። ስድስት ሰው ያለበት ዶርም ውስጥ የተከፈተ በሶ አንድ ሳምንት ካለፈው ተመስገን ነው፤ ስለዚህ ከሦስቱ ኪሎ ሁለቱን ቆልፋችሁ አንዱን ለጋራ አውጡ።

በሶ የሚበላሽበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው፦ ከወፍጮ ቤት ትኩስ እንዳለ ዕቃ ውስጥ መታሸጉ። ትኩስ ዱቄት ሲታሸግ ያልበዋል፣ ላቡ ክዳኑ ላይ ይንጠለጠላል፣ በሳምንቱ ይሻግታል። ተፈጭቶ ሲመጣ ሰፊ ትሪ ወይም ሰፌድ ላይ ስስ አድርጋችሁ ዘርጉት፣ ነጠላ ሸፍናችሁ አሳድሩት፣ ጠዋት ፍጹም ሲቀዘቅዝ ክዳኑ ጥብቅ ባለ ደረቅ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ክተቱት። ጨውና ትንሽ ሚጥሚጣ ለየብቻ ያዙ፤ ስኳር የሚወድ ስኳሩን ሲጠጣ ይጨምር። እርጥብ ማንኪያ በፍጹም አይግባበት። በቅቤ የተለወሰ በሶ ወይም ጭኮ ካስያዟችሁ ቀድማችሁ የምትጨርሱት እሱን ይሁን፤ በብርድ አገር ደህና ይሰነብታል፣ በቆላ ግን ቅቤው ቶሎ ይለወጣል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ምንም አይሆኑም። ክትፎ፣ ቋንጣ ፍርፍርና ዶሮ ወጥ በጀሪካን አስይዘው ለሚልኩ ቤተሰቦች በትሕትና እምቢ በሉ፤ ማሞቂያ የለም፣ ምድጃና የኤሌክትሪክ ኮይል ዶርም ውስጥ ክልክል ነው፣ ሲገኝም ይወረሳል።

የቀረው ዕቃ አጭር ነው። ሁለት ጓጉንቸር ቁልፍ፣ አንዱ ለሎከር አንዱ ለሻንጣ፣ ትርፍ መክፈቻውን ደግሞ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ባለ 10 ሊትር ጀሪካን፣ ምክንያቱም ውኃ ሲጠፋ ባለ 20ው ሦስተኛ ፎቅ አይወጣም። ባሊ፣ ነጠላ ጫማ፣ ዲቫይደር፣ ፓወር ባንክ፣ ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር። ላፕቶፕ ለፍሬሽ የግድ አይደለም። ሞጁሉም ስላይዱም በስልክ ይነበባል፤ ላፕቶፕ የሚያስፈልገው ዲፓርትመንት ከገባችሁ በኋላ ነው፣ ያኔም ምን ዓይነት እንደሚያስፈልግ አውቃችሁ ትገዛላችሁ። ቤተሰብ በሬ ሸጦ ላፕቶፕ ከመግዛቱ በፊት አንድ ዓመት ይታገሥ።

ስለ ገንዘብ፦ ለሴሚስተር የተሰጣችሁን ለአራት ወር እኩል አትከፋፍሉት። የመጀመሪያው ወር ሁልጊዜ እጥፍ ይበላል፤ ኮፒ፣ የተረሳ ዕቃ፣ ሲም ካርድ፣ «ከዶርም ልጆች ጋር ቡና እንጠጣ» አለ። ለአምስት ክፈሉት፣ ሁለቱን ለመጀመሪያው ወር፣ አንድ አንዱን ለቀሩት ሦስት ወራት መድቡ። በእጅ ይዛችሁ የምትጓዙት የትራንስፖርትና የሦስት ቀን ወጪ ብቻ ይሁን፤ ቀሪው ባንክ ይግባ ወይም ቴሌብር ላይ ይሁን። ቤተሰብ በየወሩ ቢልክ ይመረጣል፤ አንዴ የተሰጠ ገንዘብ አንዴ ያልቃል።

በመንግሥት ተመድቦ የገባ መደበኛ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከገቢው እየተቆረጠ ይከፍላል። ውሉ በየዓመቱ ይታደሳል፣ የፈረማችሁበትን ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። እዚያው ላይ ካፌ ወይም ነን-ካፌ የሚል ምርጫ ይመጣል። ነን-ካፌ ማለት ለምግብ የሚመደበውን በገንዘብ ተቀብሎ ውጭ መብላት ነው። በመጀመሪያው ሴሚስተር አትምረጡት። ገንዘቡ በአንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴም ይዘገያል፣ የውጭ ምግብ ዋጋ ደግሞ አይጠብቃችሁም። የካፌው ሽሮ ይሰለቻል፣ እውነት ነው፤ ግን በሰዓቱ አለ።

መንገዱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከመንዝ፣ ከደብረ ሲና ወይም ከአጣዬ በኩል ስትመጡ መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ፤ ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድም መኪና ይዘገያል። በጥሪው የመጨረሻ ቀን ለመድረስ አትነሡ፣ በመጀመሪያው ቀን ለመድረስ ተነሡ። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ የሚያደርስ መኪና አትሳፈሩ። በመግቢያ ቀናት ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ ይልካሉ፣ ነባር ተማሪዎችም ደረታቸው ላይ ባጅ አንጠልጥለው ይቀበላሉ። ባጅ የሌለው «ሻንጣ ልያዝልህ ወንድሜ» ባይ ሲመጣ ሻንጣውን ሁለታችሁም ይዛችሁት ትሄዳላችሁ እንጂ አትለቁለትም።

ግቢ ስትደርሱ ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው። መጀመሪያ ዶርም ምደባችሁን እዩ፤ ስም ዝርዝሩ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ የሚለጠፍበት ቦታ ብዙ ነው፣ አንድ ዶርም ውስጥ ሦስት አበበና ሁለት አበራ የሚገጥመው ለዚህ ነው። ዕቃ አስቀምጣችሁ፣ ቆልፋችሁ፣ በዚያው ቀን ሬጅስትራር ሂዱ። ሁለተኛው ቀን ላይ ሰልፉ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ከምዝገባ ስትወጡ በእጃችሁ መኖር ያለበት የመታወቂያ ቁጥርና የሴክሽን (የተመደባችሁበት ክፍል) ቁጥር ነው። የመታወቂያ ቁጥሩን በቃል አጥኑት፤ ሁሉም ፈተናና አሳይመንት ላይ ይጻፋል፣ አንዲት አኃዝ ስታዛንፉ ነጥባችሁ የሌላ ሰው ስም ላይ ያርፋል ወይም የትም አያርፍም።

አልጋውን ሳትዘረጉ ፈትሹት። የብረት አልጋ ከሆነ መገጣጠሚያው ላይ፣ የፍራሹ ስፌት ጥግ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ ካለ ትኋን አለ ማለት ነው። ያኔውኑ ለፕሮክተሩ (ለዶርሙ ኃላፊ) ንገሩ። ፍራሹን ፀሐይ ላይ አውጡ፣ ብረቱ መገጣጠሚያ ላይ የፈላ ውኃ አፍስሱ፣ አልጋውን ከግድግዳ አንድ ስንዝር አርቁ፣ ብርድ ልብሱ መሬት እንዳይነካ አድርጉ። አንድ አልጋ ብቻ ማጽዳት ከንቱ ነው፤ ስድስቱም በአንድ ቀን ካልጸዱ በሳምንቱ ይመለሳል። ለዚህ የመጀመሪያው ቅዳሜ ከሁሉ ይሻላል፣ ሰው ገና አልተኳረፈም።

ልብስ ቅዳሜ ጠዋት ከ4 ሰዓት በፊት አጥባችሁ ስጡ፣ ሳይመሽ አንሡ። ደብረ ብርሃን ላይ ታኅሣሥ ማታ ውጭ ያደረ እርጥብ ጂንስ ጠዋት እንደ ሳንቃ ቆሞ ይገኛል፤ ሳይደርቅ የመጥፋቱ ነገር ሳይቆጠር ነው።

አሁን ወደ ነጥቡ። የፍሬሽ ኮርሶች በአገር አቀፍ ደረጃ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሞጁላቸውም ተዘጋጅቶ በፒዲኤፍ ከእጅ እጅ ይዞራል። ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ማትስ፣ ጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ ኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ለናቹራል ደግሞ ጄኔራል ፊዚክስ ይገኙበታል። ቤት ሳላችሁ ሁሉንም ለማንበብ አትሞክሩ፣ አያልቅም። ሁለት ነገር አንብቡ፦ የማትሱን የመጀመሪያ ምዕራፍና የሎጂኩን ሁለተኛ ምዕራፍ። ሁለቱም 12ኛ ክፍል ላይ እምብዛም ያልተነኩ ናቸው፣ ሁለቱም በመጀመሪያው ወር ኩዊዝ ላይ ይመጣሉ፣ የሚያወሩትም ስለ አንድ ነገር፣ ስለ ሎጂክ ነው።

ሎጂክ ላይ ብዙ ተማሪ የሚያሰናክለው ቦታ ይኸውና። «የመንዝ በግ ሁሉ ጥቁር ነው። ይህ በግ የመንዝ ነው። ስለዚህ ይህ በግ ጥቁር ነው።» ይህ ቫሊድ ነው ወይስ ኢንቫሊድ? ተማሪው ነጭ የመንዝ በግ ስለሚያውቅ «ውሸት ነው፣ ኢንቫሊድ» ብሎ ይጽፋል፤ ነጥቧ ሄደች። ቫሊድ ማለት መነሻዎቹ እውነት ቢሆኑ ኖሮ መደምደሚያው ሐሰት ሊሆን አይችልም ማለት ብቻ ነው። መነሻው ሐሰት በመሆኑ ክርክሩ አንሳውንድ ነው፤ ቫሊድነቱ ግን አልተነካም። አሁን ቦታውን ቀያይሩት፦ «የመንዝ በግ ሁሉ ጥቁር ነው። ይህ በግ ጥቁር ነው። ስለዚህ የመንዝ ነው።» ይህ ኢንቫሊድ ነው፣ ጥቁር በግ ከሌላ አገርም ሊመጣ ይችላልና። ይህችን ልዩነት በራሳችሁ ምሳሌ አሥር ጊዜ ሠርታችሁ ከገባችሁ ምዕራፉ ግማሹ አልቋል። ትርጉሙን ቸክሎ የገባ ሰው ግን ምሳሌው ሲቀየርበት ይጠፋበታል።

ማትስ ላይም «ከሆነ» የሚለው ማገናኛ ያው ነው፤ ሐሰት የሚሆነው መነሻው እውነት ሆኖ ውጤቱ ሐሰት ሲሆን ብቻ ነው። መነሻው ሐሰት ከሆነ ዓረፍተ ነገሩ በጠቅላላ እውነት ይሆናል። ይህ ጆሮ ላይ ስለማይጥም ሰው በስሜቱ ይመልሳል። በስሜት አትመልሱ፣ የእውነትና የሐሰት ሠንጠረዡን (ትሩዝ ቴብል) ሥሩ።

መምህሩ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ኮርስ አውትላይን ይሰጣል ወይም ለክፍል ተወካይ ይልካል። ነጥቡ በምን በምን እንደሚከፋፈል፣ ከስንት ክፍለ ጊዜ በላይ መቅረት ፈተና እንደሚያስከለክል እዚያ ላይ አለ። ብዙውን ጊዜ ፋይናሉ 50 ይይዛል፤ ቀሪው 50 በኩዊዝ፣ በሚድ፣ በአሳይመንትና በመሳሰሉት ይከፋፈላል። ግሬዱ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ቋሚ ነው፦ 85 ኤ ነው፣ 80 ኤ ማይነስ፣ 75 ቢ ፕላስ፣ 70 ቢ፣ 65 ቢ ማይነስ፣ 60 ሲ ፕላስ፣ 50 ሲ። ለመመረቅ አጠቃላይ ውጤት ከ2.00 ማነስ የለበትም።

አንድ ሒሳብ እንሥራ። ስድስት ኮርስ፣ እያንዳንዱ 3 ክሬዲት (የኮርሱ ክብደት)፣ በጠቅላላ 18። በሁሉም 75 ያመጣ ተማሪ ቢ ፕላስ አለው፣ ቢ ፕላስ 3.5 ነው፤ 3.5 ሲባዛ በ18፣ 63 ይሆናል፤ ለ18 ሲካፈል 3.50። አሁን ይኸው ተማሪ በሦስት ኮርስ 74 ቢያመጣስ? ሦስቱ ቢ ይሆናሉ፣ ቢ 3.0 ነው። በእያንዳንዱ ኮርስ ግማሽ ነጥብ ሲባዛ በ3 ክሬዲት 1.5 ይጠፋል፤ በሦስቱ 4.5። 58.5 ለ18 ሲካፈል 3.25 ነው። በጠቅላላ የጠፋው ሦስት ማርክ ነው፤ የወረደው ግን ሩብ ነጥብ ነው፤ ዲፓርትመንት ላይ ሩብ ነጥብ ምኞትን ያስቀይራል። ከየኮርሱ የጠፋችው አንድ ማርክ ደግሞ በሦስተኛው ሳምንት «ዶርም አልተደላደለልኝም» ተብሎ የተቀረባት ኩዊዝ ናት።

የስፖርት ኮርሱ ማለፍና መውደቅ ብቻ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል፤ የሚወድቁበት በአብዛኛው የቀሩበት ናቸው። ከቆላ የመጣችሁ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሩጫ ላይ ትንፋሽ ቢያጥራችሁ ከፍታው ነው፤ ቀስ ብላችሁ ጀምሩ፣ ውኃ ጠጡ።

ክፍል ውስጥ ሁሉንም ለመጻፍ አትሩጡ። ስያሜውን በእንግሊዝኛ፣ ማብራሪያውን በገባችሁ ቋንቋ፣ ምሳሌውን በሙሉ ጻፉ፤ ስላይዱ ላይ ሁልጊዜ የሚጎድለው መምህሩ በቃሉ የሰጠው ምሳሌ ነው፣ ፈተና ላይ የሚመጣውም እሱ ነው። በዚያው ቀን ማታ ለእያንዳንዱ ኮርስ 30 ደቂቃ መልሱት። ነባር ተማሪዎች የድሮ ፈተና ይሰጧችኋል፤ ተቀበሉ፣ ለልምምድ ጥሩ ነው፣ ይደገማል ብላችሁ ግን መልሱን አትቸክሉ።

የግሩፕ አሳይመንት ሲሰጥ ሥራውን በቁጥር ተከፋፈሉና በቴሌግራም ግሩፑ ላይ በጽሑፍ ይኑር። ከማስረከባችሁ በፊት የፊት ገጹን ራሳችሁ እዩ፤ ስም፣ መታወቂያ ቁጥር፣ ሴክሽን። የሠራ ሰው ስሙ ተረስቶ ዜሮ ሲያገኝ ያልሠራው 10 ከ10 ያገኘበት ጊዜ አለ፣ ካስረከባችሁ በኋላ ማስተካከል ደግሞ ከባድ ነው።

ብትታመሙ ፈተናው ካለፈ በኋላ የሚመጣ ወሬ አያድንም። ክሊኒክ የሄዳችሁበት ቀን ከፈተናው ቀን ጋር መገጣጠም አለበት፤ ማስረጃውን በቶሎ ለመምህሩና ለዲፓርትመንቱ አስገቡ፣ ሜካፕ (ምትክ ፈተና) ጠይቁ። ማርክ ሲለጠፍ በዚያው ቀን እዩ። የቅሬታ ጊዜው አጭር ነው፣ ግሬድ ሬጅስትራር ከደረሰ በኋላ አንድ ማርክ ማስደመር የብዙ ፊርማ ጉዳይ ይሆናል። ግሬድ ዝርዝራችሁ ላይ ኤንጂ (ግሬድ ያልተሰጠበት) ወይም ኢንኮምፕሊት (ያልተሟላ) ከታየ ዝም ብሎ አይስተካከልም፤ ቀነ ገደቡ ካለፈ ወደ ኤፍ ሊለወጥ ይችላል። በሕመም ወይም በቤተሰብ ጉዳይ ማቋረጥ ግድ ከሆነም ሳታሳውቁ አትሂዱ፤ የዊዝድሮዋል ፎርም ሞልታችሁ፣ ክሊራንስ (ከግቢው ንብረትና ዕዳ ነፃ የመሆን ማረጋገጫ) ጨርሳችሁ፣ ኮፒውን ይዛችሁ ውጡ። ፎርም የሞላ ተማሪ በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል፤ ዝም ብሎ የጠፋ ተማሪ ለመመለስ የሚጠየቀው ብዙ ነው።

ለሴት ተማሪዎች፦ የሥርዓተ ፆታ ቢሮ በየግቢው አለ፣ ቦታውን በመጀመሪያው ሳምንት እወቁት። በብዙ ግቢ ለሴቶች የተለየ ቱቶሪያል ያዘጋጃል፣ ለተቸገሩ ተማሪዎች የንጽሕና መጠበቂያና የኪስ ገንዘብ ድጋፍም የሚያደርግበት ቦታ አለ። ድጋፉ የሚሰጠው ቀድሞ ለተመዘገበ ነው፣ ከቀበሌ የሚጻፍ የድጋፍ ደብዳቤ ሊጠየቅም ስለሚችል ከቤት ስትወጡ አጽፋችሁ ያዙ። ይህ ደብዳቤ ለወንዶችም ቢሆን አይጎዳም። የሚያስቸግር መምህር ወይም ነባር ተማሪ ካለም የመጀመሪያው በር ይኸው ቢሮ ነው፤ መልእክቱን ሳታጠፉ ያዙ።

ዲፓርትመንት ምርጫ ሲመጣ ድልድሉ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የፍሬሽ ውጤትንና የ12ኛ ክፍል ውጤትን አጣምሮ ነው፤ የእያንዳንዱን ድርሻ ዩኒቨርሲቲው በማስታወቂያ ይገልጻል፣ ሳታነቡ አትሙሉ። ጤና የምትፈልጉ ደብረ ብርሃን ላይ የምትማሩት በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም በተሰየመው የጤና ሳይንስ ካምፓስ ነው፤ ፉክክሩ ጠንካራ ነው፣ ስለዚህ ሁለተኛና ሦስተኛ ምርጫችሁ የይስሙላ አይሁን። ፎርሙ ላይ ያለውን ዝርዝር እስከ መጨረሻው ሙሉ። ሦስቱን ብቻ ሞልቶ የተወ ተማሪ ውጤቱ ለሦስቱም ካልደረሰ ቦታ በተረፈበት ይመደባል፣ ያኔ «አልመረጥኩትም» ቢል የሚሰማው የለም። ከየምርጫው ፊት ለፊት ያንን ትምህርት የሚማር አንድ ነባር ተማሪ ፈልጋችሁ ሦስት ጥያቄ ጠይቁት፦ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሰው የሚወድቅበት ኮርስ የቱ ነው፣ ላቦራቶሪው ይሠራል ወይ፣ ከእናንተ በፊት የተመረቁት የት ሥራ ያዙ። ሞልታችሁ ስታስገቡ ስክሪንሹት አንሡ፤ ሲስተሙ በመጨረሻው ቀን ማታ ስለሚጨናነቅ ከዚያ በፊት ባለው ቀን ጠዋት አስገቡት።